የጓሮ ዳክዬን ከጓሮና ከሜዳ በተገኘ ምግብ መመገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳክዬ ያረባ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ማሰቡ አይቀርም። ጓሮው ቅጠል ሞልቶታል፤ አፈሩ ትል አለው፤ ዳክዬዎቹም ምንቃራቸውን ጭቃ ውስጥ ነክረው ሲፈልጉ ይውላሉ። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ከከረጢት እየቀዳሁ እመግባቸዋለሁ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን «ተዉት፣ ራሳቸው ይፈልጉ» የሚል ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸውና እኔም በጀመርኩበት ሰሞን መልስ ያጣሁላቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ዳክዬዎቼ በተለቀመና በጓሮ በበቀለ ምግብ ብቻ መኖር ይችላሉ?

ሰፊ መስክ፣ ኩሬና ረግረግ ባለበት ቦታ ጥቂት ዳክዬዎች ራሳቸውን ሊያኖሩ ይችላሉ። የዱር ዳክዬም የምትኖረው እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የዱር ዳክዬ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ አሥር ያህል እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች፤ ምግብ ሲጠፋ ደግሞ በርራ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። እንደ ካኪ ካምቤል ያሉ ለእንቁላል ተመርጠው የተዳቀሉ የቤት ዳክዬዎች በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ምግብ ቢጠፋም ከአጥሩ ውጭ መሄጃ የላቸውም። ያን ሁሉ እንቁላል የምትሠራው ከምትበላው ነው፤ ከምትበላው ካላገኘች ደግሞ ከራሷ አጥንትና ሥጋ ነው።

እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ሚዛኑ የተጠበቀ መኖ መሠረት ይሆናል፤ ቅጠሉ፣ ትሉ፣ ቀንድ አውጣውና የኩሬው አረም በላዩ ይታከላል። ከዚያ የዳክዬዎቹን ሰውነት እየዳሰስኩ መኖውን በጥቂት በጥቂቱ እቀንሳለሁ። ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል የሚወስነው የእርስዎ ጓሮ ነው። ጥቂት ካሬ ሜትር ደረቅ መሬት ላይ ምንም ያህል ላይቀነስ ይችላል፤ ውሃና ለምለም ሣር ባለበት ሰፊ ግቢ ግን ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

አንዲት ዳክዬ በቀን ምን ያህል ትበላለች?

መካከለኛ መጠን ያላት አዋቂ ዳክዬ በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ደረቅ መኖ ትበላለች። ትላልቅ ዝርያዎች ከዚያ በላይ ይበላሉ። እዚህ ላይ «ደረቅ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አረንጓዴ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ እቅፍ ጎመን ዓይን ይሞላል፤ ውሃው ሲወጣለት ግን የሚተርፈው እፍኝ አይሞላም።

ፕሮቲኑን ከየት ላምጣ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከ20 እስከ 22 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ 16 በመቶ ገደማ ይበቃቸዋል፤ እንቁላል የምትጥል ዳክዬም ከ16 እስከ 17 በመቶ ትፈልጋለች። ስለዚህ በቀን 170 ግራም የምትበላ እንቁላል ጣይ 28 ግራም ያህል ፕሮቲን ማግኘት አለባት ማለት ነው። አንድ 70 ግራም የሚመዝን የዳክዬ እንቁላል ብቻውን 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዞ ይወጣል።

አሁን ሜዳው ምን እንደሚሰጥ እንመልከት። የመሬት ትል 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ከቀሪው ከግማሽ በላዩ ፕሮቲን ነው። መቶ ግራም ትል 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለአምስት ዳክዬ በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ትል ከአንድ ጓሮ ማውጣት አይቻልም። ቢቻል እንኳ አፈሩን ማራቆት ይሆናል። ስለዚህ ትልን ዝናብ ሲዘንብና አፈር ሲቆፈር የሚመጣ ድግስ አድርገው ይያዙት። አካፋ ሲያነሱ ዳክዬዎቹ ከየት መጡ ሳይባል እግርዎ ሥር ይሰበሰባሉ፤ የሚገለበጠውን አፈር እያንዳንዱን ጓል አገላብጠው ያዩታል።

በቋሚነት ሊመረት የሚችለው የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ነው። አዋቂዋ ዝንብ አትናከስም፤ እንደ ቤት ዝንብም ምግብ ላይ እየዞረች አታስቸግርም። እጮቹ የአትክልት ትራፊና የፍራፍሬ ልጣጭ በልተው በሁለትና በሦስት ሳምንት ይደልባሉ። ሲደርሱ ቀለማቸው ይጠቁርና ደረቅ ቦታ ፍለጋ ከምግቡ ወጥተው ወደ ላይ ይሳባሉ። ይህ ባህርያቸው ሥራውን ያቀልልናል፦ በሳጥኑ አንድ ጎን ዘንበል ያለ መውጫ ሠርተው ጫፉ ላይ ባልዲ ቢያስቀምጡ እጮቹ በራሳቸው ጊዜ ወደ ባልዲው ይወርዳሉ። የደረቀ እጭ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ስቡም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ዋና ምግብ ሳይሆን ማጠናከሪያ ነው። ሙቀት ይወዳል፤ ብርድ ባለበት ወቅት ምርቱ ይቆማል።

ከእጽዋቱ ወገን አተር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ደረቁ አተር ከ20 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው፤ ተነክሮ ወይም ተቀቅሎ ሲሰጥ ዳክዬዎች ይሻሙበታል። ነገር ግን አተርም ሆነ ሌላ ጥራጥሬ ሚቲዮኒን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ላባ የሚሠራው ይህ ነው። ስለዚህ ሰሊጥ፣ የሱፍ አበባ ፍሬ ወይም ነፍሳት ሲታከሉበት ይሟላል። ቦሎቄን ጥሬውን በፍጹም አይስጡ፤ ውስጡ ያለው መርዝ የሚጠፋው ቢያንስ ለ5 ሰዓት ተነክሮ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ ያህል ሲንተከተክ ነው። በደካማ እሳት ለብ ብሎ የበሰለ ቦሎቄ እንደ ጥሬው ጎጂ ነው። አኩሪ አተርም ጥሬውን ከተሰጠ የፕሮቲን መፈጨትን ያግዳል፤ መቆላት ወይም መቀቀል አለበት።

የጫጩቶቼ እግር ጎበጠ፤ ምግቡ ነው ምክንያቱ?

ብዙ ጊዜ አዎ። ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን አንሷቸው ነው።

የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት ይልቅ ብዙ ናያሲን ያስፈልጋታል፤ በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 55 ሚሊግራም ገደማ መኖር አለበት። የዶሮ መኖ ብዙ ጊዜ ለዳክዬ የማይበቃው በዚህ ነው። በቆሎ ደግሞ ናያሲኑ ትንሽ ነው፤ ያም ቢሆን አብዛኛው በእህሉ ውስጥ ስለታሰረ ሰውነቷ አያገኘውም። ለብዙ ዓመት ካሳደግኳቸው ሁሉ ከአእምሮዬ የማትጠፋው አንዲት ጫጩት ናት። በቤት የተፈጨ በቆሎና የተከተፈ ቅጠል ብቻ እየሰጠሁ «ንጹሕ የተፈጥሮ ምግብ ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በአሥረኛው ቀን ገደማ ከእህቶቿ ወደ ኋላ ስትቀር አየሁ። ሁለት እርምጃ ትሄድና ትቀመጣለች፤ ወደ ውሃው ለመድረስ በክንፎቿ ትደገፋለች። አንሥቼ ሳያት የእግሯ መጋጠሚያ አብጦ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የቢራ እርሾ በመኖው ላይ መነስነስ ጀመርኩ፤ ሌሎቹ አመለጡ፣ እሷ ግን ዕድሜዋን ሁሉ እያነከሰች ኖረች።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ እስከ 8 ሳምንት ድረስ በጫጩቶች ላይ ሙከራ አያድርጉ። ለዳክዬ ወይም ለውሃ አዕዋፍ ጫጩት የተዘጋጀ መኖ ይስጧቸው። ያለው የዶሮ ጫጩት መኖ ብቻ ከሆነ በየኪሎው 50 ግራም ያህል የደረቀ የቢራ እርሾ ይቀላቅሉበት፤ ዳቦ የሚቦካበት ሕያው እርሾ ግን ሆድ ውስጥ ስለሚፈላ ምትክ አይሆንም። የተቀቀለ አተርም ይረዳል። እግሯ መጉበጥ የጀመረ ጫጩት ካለች ቀን አይቁጠሩ፤ አጥንቱ በጎበጠበት ከጠነከረ አይመለስም።

ኩሬ ላይ የሚንሳፈፈው አረም ጥሩ ምግብ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ከሚባለው በልክ ዝቅ ያለ እውነት ነው። በብዛት የሚነሡት ዳክዊድና አዞላ ናቸው። ዳክዊድ ምስር የምታክል ቅጠሏን ውሃ ላይ ዘርግታ የምትኖር ተክል ናት፤ ለም ውሃና ሙቀት ስታገኝ በሁለትና በሦስት ቀን እጥፍ ትሆናለች። ሲደርቅ ከ20 እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን አላት፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከውሃው ለምነት ነው። አዞላ ትንሽ የውሃ ፈርን ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚይዝለት ብዙ ማዳበሪያ አይጠይቅም። ፕሮቲኑ በደረቁ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። እርጥብ ዳክዊድ ከ93 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ሙሉ ኪሎ ቢያጠልሉ የሚቀረው ደረቅ ነገር 60 ግራም ገደማ፣ ፕሮቲኑም ቢበዛ 24 ግራም አካባቢ ነው። እንቁላል የምትጥል ዳክዬ የቀን ፕሮቲኗን በእርጥቡ ዳክዊድ ብቻ ልታገኝ ብትል ቢያንስ ከአንድ ኪሎ በላይ መብላት አለባት። ሆዷ አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ዳክዬ በቀን አንድ ሁለት እፍኝ እንደ አትክልት ይቆጠር። ሌሎች ሥራዎችም አሉት፤ የእንቁላሉን አስኳል ቀለም ያደምቃል፣ ዳክዬዎቹም ውሃ እያጠለሉ መብላት ስለሚወዱ ሥራ ያገኛሉ። የዳክዬ ምንቃር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ውሃውን አፍስሳ ቅጠሉን የምታስቀረው በእሱ ነው። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ቢያዳምጡ የሚሰማው ፍጥን ያለ የማጥለል ድምፅ ያስደስታል።

ማሳደጊያው ከዳክዬዎቹ ይለይ። እነሱ ከገቡበት በግማሽ ቀን ያጸዱታል፤ ለዘር የሚቀር አይኖርም። ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ፣ ከፊል ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ይበቃል። ዳክዬዎቹ የሚታጠቡበትን ቆሻሻ ውሃ በንጹሕ ውሃ አቅጥነው ቢጨምሩበት ማዳበሪያው እሱ ነው። በየሁለት ቀኑ ሲለቅሙ የውሃውን ፊት ግማሽ ያህል ሸፍኖ እንዲቀር ይተዉት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። እነዚህ ተክሎች ውሃ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረትና መርዝ ሁሉ ይመጥጣሉ፤ ቆሻሻ ውሃን ለማጣራት የሚጠቀሙባቸውም ለዚህ ነው። ከፍሳሽ ቦይ፣ ከፋብሪካ ሥር ወይም ምንጩ ከማይታወቅ ውሃ አይልቀሙ።

በጓሮዬ ምን ልትከልላቸው?

ጎመን፣ ሰላጣ፣ የአተር ቡቃያና ዱባ ይጀምሩ። ማገጥና አልፋልፋ መሬቱንም ያዳብራሉ፣ ዳክዬውንም ያበላሉ። ሽፈራው በሚበቅልበት ቦታ የደረቀ ቅጠሉ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ ደቅቆ በመኖ ላይ ቢነሰነስ ጥሩ ነው። ሳማም ገንቢ ነው፤ ጠውልጎ ወይም ደርቆ ሲሰጥ መለብለቡ ይጠፋል። ስፒናችና የቀይ ሥር ቅጠል ካልሲየምን የሚይዝ ኦክሳሌት አላቸው፤ አልፎ አልፎ ይሁን እንጂ በየቀኑ አይስጡ።

ዳክዬ ጥርስ የላትም፤ እንደ ዶሮም በእግሯ ጭራ አትበታትንም። ጠንካራ ግንድና ረጅም ሣር ሊያንቃት ይችላል። ቅጠሉን በቀጭኑ ከትፈው ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ውስጥ ያንሳፍፉት። ዱባና ካሮት ይፈቅፈቁ ወይም ይቀቀሉ። የዱባ ፍሬ የሆድ ትል ያስወጣል የሚለውን ወሬ ግን አምነው ሕክምናን አይተዉ፤ ፍሬው ጥሩ ምግብ ነው፣ መድኃኒት አይደለም።

እህል ማብቀል ጥቅም አለው?

አለው፤ የሚባለውን ያህል ግን አይደለም። አንድ ኪሎ ገብስ በሳምንት ውስጥ አምስትና ስድስት ኪሎ ለምለም ምንጣፍ ሲሆን ማየት ያስደስታል፤ የተጨመረው ግን ውሃ ነው። ደረቅ ክብደቱ እንዲያውም ይቀንሳል፤ ቡቃያው ለማደግ የራሱን ስታርች ስለሚያቃጥል። የሚያተርፉት ቫይታሚኑንና ለመፈጨት መቅለሉን ነው። ለዚያ ደግሞ ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም፦ ስንዴውን ወይም አጃውን ሌሊቱን ነክሮ፣ አጥቦ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቡቃያው ነጭ ጫፍ እስኪያወጣ ማቆየት ይበቃል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይታጠብ። የሻገተ ከሸተተ ይጣል።

የወጥ ቤት ትራፊና ዳቦስ?

የአትክልት ልጣጭ፣ የተቀቀለ ሩዝ፣ የፍራፍሬ ትራፊ በጥቂቱ ይሆናል። ጨው፣ ዘይትና ቅመም የገባበት ግን አይሰጥ። አንዳንድ አገሮች ትራፊ መስጠትን በሕግ እንደሚከለክሉም ይወቁ። በብሪታንያ ለምሳሌ ምንም የእንስሳት ተዋጽኦ ከማይገባበት ቤት ካልሆነ በስተቀር ከወጥ ቤት ያለፈን ምግብ ለጓሮ ዶሮና ዳክዬም ቢሆን መስጠት አይፈቀድም፤ ሥጋና የሥጋ ንክኪ ያለው ትራፊ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ነው። ያሉበትን አገር ደንብ ቀድመው ይመልከቱ።

ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም። በማደግ ላይ ያለች ዳክዬ ኃይል ሰጪ ምግብ ሲበዛባት ክንፏ ከመጠን በላይ ቶሎ ያድጋል፤ የክንፉ ጫፍ መጋጠሚያ ክብደቱን መሸከም ያቅተውና ወደ ውጭ ተጣምሞ ይቀራል። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታየ ክንፉን አጥፎ በለስላሳ ጨርቅ ለጥቂት ቀናት ማሰር ሊያድነው ይችላል፤ አዋቂ ስትሆን አይስተካከልም።

ምን ምን መርዛቸው ነው?

አቮካዶ፣ በተለይ ልጣጩ፣ በውስጡ ያለው ጠንካራ ፍሬና ቅጠሉ። አረንጓዴ የሆነ ወይም የበቀለ ድንች፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል። ጥሬ ቦሎቄ። ቸኮሌት። ጨዋማ ነገር ሁሉ። ከጓሮ እጽዋት ደግሞ የጉሎ ፍሬና አስተናግር ዳክዬዎች በሚሰማሩበት ቦታ ጭራሽ አይኑሩ። ሽንኩርት በብዛት አይስጡ።

ዳክዬ መርዙን ለይታ ትተወዋለች የሚሉ አሉ። ሌላ ምርጫ ሞልቷት ስትሰማራ ብዙውን ጊዜ ትተወዋለች። ተርባ በጠባብ ቦታ ስትዘጋ ግን ያገኘችውን ትበላለች፤ ከትፈው ከሌላ ቅጠል ጋር ቀላቅለው ሲሰጧት ደግሞ መለየት አትችልም። የማያውቁትን ቅጠል አይከትፉ።

ከመርዝ ሁሉ ይልቅ የምፈራው ሻጋታን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ፤ ምክንያቱ በመኖው ውስጥ የነበረ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የታወቀው በዚያ ምርመራ ነው። የዳክዬ ጫጩቶች ለዚህ መርዝ ከሁሉ ፈጥነው የሚጎዱ ስለሆኑ ተመራማሪዎች መርዙን ለመፈተሽ የተጠቀሙት በእነሱ ነበር። መቀቀልም ሆነ ማጠብ አፍላቶክሲንን አያጠፋውም። በቆሎና ለውዝ ሲያስቀምጡ በደንብ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያገኝበት ይሁን። እርጥብ መኖ ደግሞ የቀረበበት ቀን ሳያልፍ ይነሣ።

አትክልቱ ውስጥ ለቅቄ ቀንድ አውጣ ላስለቅማቸው?

ይልቀቋቸው፤ ግን ሰዓቱን ይምረጡ። ቀንድ አውጣ፣ ዛጎል የሌለው ዓይነቱም ጭምር፣ ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅና አመሻሽ ላይ ይወጣል። ለጋ ችግኝ ካለ ይረግጡታል፤ ሰላጣውንም ከቀንድ አውጣው አስቀድመው ይበሉታል። ጃፓናዊው ገበሬ ታካኦ ፉሩኖ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሩዝ ማሳው ውስጥ ዳክዬዎችን በማሰማራት ታውቋል። በዚህ አሠራር ጫጩቶቹ አረሙንና ነፍሳቱን ይለቅማሉ፣ ኩሳቸውም ማሳውን ያዳብራል፤ ሩዙ እሸት ሲይዝ ግን ፍሬውን እንዳይበሉ ይወጣሉ። ለጓሮም ትምህርቱ ያው ነው፦ ከመትከልዎ በፊትና ምርቱን ካነሡ በኋላ በነጻ ይግቡ፤ በመሃል ተክሉ ከእነሱ ቁመት በላይ ካደገ በኋላ ብቻ፣ ለአጭር ሰዓት።

የቀንድ አውጣ መግደያ መድኃኒት በጓሮዎም በጎረቤትም ከተረጨ ግን አያስገቧቸው። የተመረዘውን የበላች ዳክዬ ራሷ ትመረዛለች። ቀንድ አውጣና ትል የሆድ ትላትልን ስለሚያስተላልፉ፣ በብዛት የሚለቅሙ ዳክዬዎችን ኩስ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በእንስሳት ሐኪም ማስመርመር አይከፋም። ሰላጣና ካሮት ዓይነት ጥሬ የሚበላ አትክልት ባለበት መደብ ላይ ትኩስ ኩስ ከወደቀ እስኪሰበሰብ 120 ቀን ይለፈው።

ከግቢ ውጭ ስለቅም ምን ልጠንቀቅ?

መኪና የሚበዛበትን መንገድ ዳር፣ መድኃኒት የሚረጭበትን ማሳና የቆሻሻ መጣያ አካባቢ ይተዉ። የዱር አዕዋፍ ከሚበዙበት ኩሬ የውሃ ተክል ባያመጡ ይሻላል፤ የወፍ ጉንፋን ከዚያ ይመጣል። በሙቀት ወቅት የቆመና የሸተተ ውሃም አደገኛ ነው። በውስጡ የሞተ እንስሳ ካለ፣ ከዚያ በድን የሚወጣው ትል ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣውን መርዝ ይሸከማል። ዳክዬ ትሉን ትበላና አንገቷን መያዝ ያቅታታል፤ ጥቂት ትሎች ብቻ ይበቃሉ። በግቢዎ የሞተ ነገር ካገኙ የዚያኑ ቀን ይቅበሩ።

ጠጠርና ካልሲየም ያስፈልጋቸዋል?

ሁለቱም፤ ግን ለየብቻ። ቅጠልና ሙሉ እህል የምትበላ ዳክዬ ሆዷ ውስጥ የሚፈጭላት ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ያስፈልጋታል። ለእንቁላል ቅርፊት ደግሞ ካልሲየም፤ አንድ ቅርፊት ከ2 ግራም በላይ ካልሲየም ይወስዳል። የበሉትን እንቁላል ቅርፊት አጥበው፣ በእሳት አድርቀው፣ ቅርጹ እስኪጠፋ ሰባብረው በሌላ ሳህን ያቅርቡ። ከመኖ ጋር አይቀላቅሉት፤ ወንዶቹና ጫጩቶቹ ካልፈለጉት ካልሲየም ብዛት ኩላሊታቸው ይጎዳል። የምትፈልገው ራሷ ሄዳ ትወስዳለች።

ውሃውስ?

ምግብ ባለበት ሁሉ ውሃ ይኑር። ዳክዬ ደረቅ መኖ ትጎርስና ወዲያው ወደ ውሃ ትሮጣለች፤ ውሃ ከሌለ ይተናነቃታል። ጥልቀቱ ቢያንስ አፍንጫዋንና ዓይኗን ነክራ የምታጥብበት ይሁን።

አረንጓዴ ቅጠል በሚጠፋበት ወቅት ምን ላድርግ?

በለምለሙ ወቅት ያድርቁ። አልፋልፋ፣ ሳማና ሽፈራው በጥላ ሥር ደርቀው ቀለማቸውን እንደያዙ ይቆያሉ፤ ፀሐይ ላይ ከደረቁ ቫይታሚኑ ይቀንሳል። ዱባ፣ ካሮትና ስኳር ድንች በቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ይቆያሉ። በዚህ ወቅት ከሜዳ የሚገኘው ስለሚያንስ መኖውን መልሰው መጨመር ሽንፈት አይደለም፤ እንዲህ መሆን አለበት።

በቂ እየበሉ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በእጅዎ። ላባ ያሳስታል፤ የከሳች ዳክዬ ላባዋን ነፍታ ወፍራም ትመስላለች። በየሁለት ሳምንቱ፣ ማታ ወደ ማደሪያ ሲገቡ አንድ በአንድ ያንሡ። ክንፏን ከሰውነቷ ጋር አቅፈው፣ በሌላው እጅ ከደረቷ ሥር የሚወርደውን አጥንት ይዳስሱ። ጤነኛ ከሆነች አጥንቱ ይሰማል፣ በሁለቱም ጎን ግን ሥጋው ሞላ ያለ ነው። አጥንቱ እንደ ቢላ ጠርዝ ከሾለና ጎኑ ከጎደጎደ እየራባት ነው። አጥንቱ ጭራሽ ካልተገኘና ሆዷ ወደ መሬት ከተንጠለጠለ ደግሞ በቆሎው በዝቷል። የሚዳስሱትን ከክብደቷ ጋር በደብተር ይጻፉ፤ ዓይን ከሳምንት ሳምንት ያለውን ለውጥ አያይም።

እንቁላሉም ይናገራል። ቅርፊቱ ሲሳሳ ካልሲየም፣ ቁጥሩ በድንገት ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ፕሮቲን ወይም ውሃ አንሷል፤ የላባ መለወጫ ጊዜና የቀን ብርሃን ማጠርም ይቀንሱታልና እሱንም ያስቡበት። እርስ በርስ ላባ መነቃቀል ከጀመሩ ፕሮቲኑን ይመልከቱ።

መኖውን መቀነስ ከየት ልጀምር?

ጠዋት ባዶ ሆዳቸውን ይውጡ፤ ሲርባቸው በደንብ ይለቅማሉ። አብዛኛዎቹ እንቁላላቸውን ጎህ ሲቀድ ስለሚጥሉ፣ ጥለው እስኪጨርሱ በማደሪያቸው ካቆዩ እንቁላሉም ሜዳ ላይ አይቀርም። መኖውን ማታ ሲገቡ ይስጡ፤ ወደ ቤት የሚጠራቸውም እሱ ነው። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ከተለመደው አንድ አሥረኛውን ብቻ ይቀንሱ፤ ከዚያ ደረታቸውን ይዳስሱ። ካልከሱ ሌላ አንድ አሥረኛ። አንዲቱ እንኳ ከከሳች ወደ ቀድሞው ይመለሱና ከሌሎቹ ለይተው ያብሏት፤ መንጋ ውስጥ ደካማዋ ሁልጊዜ ከሳህኑ የምትገፋው ናት።